ወደ ግራ መምታት የሠለጠነ ለምን ወደ ቀኝ ይወረውራል?

በአገው ምድር ፈረስ ያለው ሰው ጥር 23ን በጉጉት ይጠብቃል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የጊዮርጊስ ዕለት የፈረስም በዓል ነው። የዳንግላ ፈረሰኛ ፈረሱን አስጊጦ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እንጅባራ ይወጣል፤ ሜዳው በግልቢያና በጉግስ ይናወጣል። ከዚያ ሁሉ ትርኢት ውስጥ እኔ ዐይኔን የማልነቅልባት አንዲት ቅጽበት አለች። አሳዳጁ ተሳዳጁን ደርሶበታል፤ ዘንጉን ከትከሻው በላይ አንሥቷል፤ ገና አልለቀቀውም። ተሳዳጁ ጀርባው ላይ ዐይን የለውም። ጋሻውን ወደ አንዱ ጎን ማዞር ያለበት ዘንጉ ከእጅ ሳይወጣ ነው፤ ዘንጉ ከወጣ በኋላ ማዞር ዋጋ የለውም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይወስናሉ፤ አንዱም የሌላውን ውሳኔ አያይም።

ጋሻውን በግራ ክንዱ ለያዘ ሰው ቀኝ ጎኑን መሸፈን ይከብዳል፤ ወገቡን መጠምዘዝ አለበት። ይህን አሳዳጁ ያውቃል። ተሳዳጁም አሳዳጁ እንደሚያውቅ ያውቃል፤ ስለዚህ ቀኙን ይሸፍናል። አሳዳጁ ያንን ቀድሞ ካሰበው ደግሞ ወደ ግራ ይወረውራል። ተሳዳጁም ይህን ካሰበ ግራውን ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ ቀኙ ባዶ ይሆናል፤ ሐሳቡም ወደ ተነሣበት ይመለሳል። ብልህ ለብልህ ሲገጥም ብልሃት ብቻውን ማረፊያ አያገኝም። ማረፊያው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ የሚያገኘው ስሌት ከማውቃቸው የሰው እጅና አእምሮ ሥራዎች ሁሉ በጣም የማደንቀው ነው። እርሳስና ወረቀት ላለው ሰው ሁሉ ክፍት ስለሆነ ስፌቱን አንድ በአንድ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ለስሌቱ እንዲመቹ የመረጥኋቸውን ቁጥሮች እንያዝ። እውነተኛው ጉግስ ብዙ ፈረሰኛ አለው፤ እኛ ሁለቱን ብቻ ለይተን እናውጣ። አሳዳጁ ወደ ግራ ወርውሮ ተሳዳጁ ግራውን ሸፍኖ ከተገኘ፣ ከ10 ውርወራ 2ቱ ይመታሉ እንበል። ወደ ግራ ተወርውሮ ጋሻው በቀኝ ከሆነ 8ቱ ይመታሉ። ወደ ቀኝ ተወርውሮ ጋሻው በግራ ከሆነ 9ኙ። ወደ ቀኝ ተወርውሮ ጋሻው በቀኝ ከሆነ ደግሞ 5ቱ፤ ጋሻው እዚያ ጎን በደንብ አይደርስምና። እነዚህ አራት ቁጥሮች ጨዋታውን ሙሉ በሙሉ ይገልጹታል። አሳዳጁ ቁጥሩ ከፍ እንዲል ይፈልጋል፤ ተሳዳጁ ዝቅ እንዲል።

አሁን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ የሥራው ሁሉ ውበት ከዚህ ጥያቄ አቅጣጫ ይመጣል። አሳዳጁ «ለእኔ የሚሻለኝ የትኛው ጎን ነው?» ብሎ አይነሣም። «ለእርሱ ግራን መሸፈንና ቀኝን መሸፈን እኩል እንዲሆንበት እኔ እንዴት ልቀላቅል?» ብሎ ይነሣል። ተሳዳጁ ከቀኝ ይልቅ ግራውን በመሸፈኑ የሚያተርፈው ዘንጉ ወደ ግራ ሲመጣ ነው፤ ትርፉም 8 ሲቀነስ 2፣ ማለትም 6። ዘንጉ ወደ ቀኝ ሲመጣ ግን በዚያው ምርጫው ይከስራል፤ ኪሳራውም 9 ሲቀነስ 5፣ ማለትም 4። እንግዲህ አሳዳጁ የግራውን ውርወራ 4 ጊዜ፣ የቀኙን 6 ጊዜ ቢያደርገው 4 ጊዜ 6 ከ6 ጊዜ 4 ጋር እኩል ነው፤ ትርፉ ኪሳራውን ይሰርዘዋል። ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠው መቀመጣቸውን ልብ በሉ። የግራው ልዩነት 6 ሆኖ ሳለ የግራው ድርሻ 4 ነው።

እናረጋግጥ። ከ10 ውርወራ 4ቱ ወደ ግራ፣ 6ቱ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ተሳዳጁ ሁልጊዜ ግራውን ቢሸፍን ከግራው 0.8፣ ከቀኙ 5.4 ያርፍበታል፤ ድምሩ 6.2። ሁልጊዜ ቀኙን ቢሸፍን ከግራው 3.2፣ ከቀኙ 3 ያርፍበታል፤ ይህም 6.2። እያፈራረቀ ቢሸፍንም ያው 6.2 ነው። ተሳዳጁ ምንም ቢያስብ፣ ምንም ቢገምት ከዚህ ቁጥር መውረድ አይችልም፤ የአሳዳጁን ቅልቅል በቃሉ ቢያውቀው እንኳ አይጠቅመውም። ማወቅ የሚጠቅመው የሚቀጥለውን አንድ ውርወራ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከአሳዳጁ ራሱ እንኳ የተሰወረ መሆን አለበት።

ተሳዳጁም በበኩሉ ተመሳሳዩን ይሠራል። አሳዳጁ ከግራ ይልቅ ወደ ቀኝ በመወርወሩ የሚያተርፈው ጋሻው በግራ ሲሆን 9 ሲቀነስ 2፣ 7 ነው፤ የሚከስረው ጋሻው በቀኝ ሲሆን 8 ሲቀነስ 5፣ 3 ነው። ስለዚህ ጋሻው 3 ጊዜ በግራ፣ 7 ጊዜ በቀኝ ይዋል። አሳዳጁ ወደ ግራ ቢወረውር 0.6 እና 5.6፣ ወደ ቀኝ ቢወረውር 2.7 እና 3.5 ያገኛል፤ ሁለቱም 6.2። ከሁለት ተቃራኒ ወገን የተነሡ፣ አንዱ ከፍ ለማድረግ ሌላው ዝቅ ለማድረግ የተሠሩ ሁለት ስሌቶች በአንድ ቁጥር ላይ ይገጥማሉ። ይህን መጋጠም በራሱ እጅ አስልቶ ያላየ ተማሪ ቀመሩን ብቻ ሲሸመድድ ሳይ አዝናለሁ፤ ቀመሩ የሚሸፍነው ይህንኑ መጋጠሚያ ነው።

አሁን አሳዳጁ ክረምቱን በሙሉ ልምምድ ላይ ከረመ እንበል። ጋሻ በሌለበት ግራ ጎን ላይ ድሮ ከ10 ውርወራ 8 ይመታ ነበር፤ አሁን 10ሩንም ይመታል። ሌላው እንዳለ ነው። ጥር 23 ሜዳ ላይ ሲወጣ ወደ ግራ መወርወርን ያበዛል ወይስ ይቀንሳል? የጠየቅኋቸው ሁሉ «ያበዛል እንጂ» ይላሉ። ስሌቱ ሌላ ይላል። የግራው ልዩነት አሁን 10 ሲቀነስ 2፣ 8 ነው፤ የቀኙ እንደነበረው 4። ቁጥሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ የግራው ድርሻ ከ12 ውርወራ 4 ይሆናል። ድሮ ከ10ሩ 4 ነበር፤ አሁን ከሦስት አንድ ብቻ። ወደ ግራ መምታት ስለሠለጠነ ወደ ግራ የሚወረውረው አነሰ።

ምክንያቱን ለማየት ተሳዳጁን መመልከት ነው። ድሮ ግራውን ከ10 ጊዜ 3 ብቻ ይሸፍን ነበር፤ አሁን ያ ጎን አስፈሪ ስለሆነበት ከ12 ጊዜ 5 ይሸፍነዋል። ጋሻው ወደ ግራ በተሳበ ቁጥር ቀኙ ይከፈታል። የጨዋታው ዋጋ ከ6.2 ወደ 6.67 ገደማ ከፍ ብሏል፤ ልምምዱ ፍሬ አፍርቷል። ነገር ግን ፍሬው የተለቀመው በአብዛኛው ካልተለማመደበት ጎን ነው። ተሳዳጁ ግራውን በመፍራቱ አሳዳጁ በቀኝ ይመታል። ይህን ውጤት በግምት ማውጣት ይከብዳል፤ አራት ቁጥሮችን በትክክለኛው አቅጣጫ መቀነስ ግን ያወጣዋል።

ሰው በእውነተኛ ሜዳ ላይ እንዲህ ይጫወታል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በፈረስ ሳይሆን በእግር ኳስ ነው። ተመራማሪው ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ሁዌርታ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት 1,417 ፍጹም ቅጣት ምቶችን አጠና። መቺውና በረኛው ልክ እንደ አሳዳጁና ተሳዳጁ በአንድ ቅጽበት ጎን ይመርጣሉ። መቺው ለእግሩ በማይመቸው ጎን መትቶ በረኛው እዚያው ከወደቀ 58.30 በመቶው ጎል ሆኗል፤ በረኛው ወደ ሌላው ከወደቀ 94.97። በሚመቸው ጎን መትቶ በረኛው ከተሳሳተ 92.91፣ ካገኘው 69.92። እኛ ከላይ የሠራነውን መቀነስ በእነዚህ አራት ቁጥሮች ላይ ብትሠሩ፣ መቺዎች ወደማይመቸው ጎን 38.54 በመቶ፣ በረኞች ወደዚያው ጎን 41.99 በመቶ መሄድ እንዳለባቸው ይወጣል። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ያደረጉት 39.98 እና 42.31 ነበር። እነዚህን ሁለት ጥንዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አለመደነቅ ለእኔ ከባድ ነው። እርሳስ ያልያዙ እግሮች ከስሌቱ የራቁት ከሁለት የመቶኛ ነጥብ ባነሰ ነው።

እንዴት ሊደርሱበት ቻሉ? ጆርጅ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1951 አንድ ቀላል የመማር መንገድ አቀረበ። እያንዳንዱ ተጫዋች ባላጋራው እስካሁን ያደረገውን ይቁጠር፤ ለዚያ ድምር የሚሻለውን ይመልስ፤ በሚቀጥለው ደግሞ እንደገና ይቁጠር። በዚያው ዓመት ጁሊያ ሮቢንሰን የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ በሆነበት ጨዋታ ሁሉ ይህ ቆጠራ በመጨረሻ ወደ ሚዛኑ፣ ማለትም ሁለቱ ስሌቶች ወደሚገጥሙበት ማረፊያ፣ እንደሚደርስ በማስረጃ አረጋገጠች። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ «እገሌ ቀኙን ይወዳል» ብሎ ለልጁ ሲነግረው የሚያደርገው ቆጠራ ይኸው ነው። አንድ ወሰን ግን አለው። ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1964 ትርፍና ኪሳራው በማይሰራረዝበት ጨዋታ ቆጠራው እየዞረ ሳያርፍ የሚቀርበትን ምሳሌ አሳየ።

ገበጣ ለሚወድ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ገበጣ ላይ መቀላቀል አያስፈልግም፤ ጉድጓዱም ጠጠሩም ለሁለቱም ይታያል፤ ተራ በተራ ስለሚጫወቱ የሚደበቅ ውሳኔ የለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ከኢትዮጵያና ከአፍሪካ ቀንድ የመዘገባቸው ዓይነቶች ከመቶ በላይ ናቸው። እዚያ ያለው ችግር ብዛት ነው። የገበጣ ዘመድ የሆነውን የምዕራብ አፍሪካ አዋሪ ጆን ሮመይንና ሄንሪ ባል እ.ኤ.አ. በ2002 አምስተርዳም ላይ 889,063,398,406 አቀማመጦችን በኮምፒውተር አስልተው፣ ሁለቱም ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ አቻ እንደሚወጡ አሳዩ። ያ የጉልበት ሥራ ነው፤ አከብረዋለሁ። ልቤን የሚገዛው ግን የጉግሱ ዓይነት ነው፤ አራት ቁጥር ብቻ ይዞ ሰውን ያስጨንቃል።

ጉግሱ ላይ ያገኘነው ዓይነት ማረፊያ ሁልጊዜ ይኖራል ወይ ብሎ የተጨነቀው ፈረንሳዊው ኤሚል ቦሬል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ትንንሽ ጨዋታዎችን ፈታ፤ ስልቶቹ ሲበዙ ግን መኖሩን ተጠራጠረ። ሃንጋሪያዊው ጆን ፎን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአንዱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ በሆነበት በማንኛውም የሁለት ሰው ጨዋታ ሁለቱ ስሌቶች ምንጊዜም በአንድ ቁጥር እንደሚገጥሙ አረጋገጠ። ዕድሜው 24 ነበር። ጆን ናሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950፣ በ21 ዓመቱ፣ 28 ገጽ በሆነች የዶክትሬት ጽሑፍ ነገሩን ትርፍና ኪሳራ ወደማይሰራረዝበትና ተጫዋቹ ወደሚበዛበት ጨዋታ ሁሉ አሰፋው። የናሽ ማስረጃ አጭርና ውብ ነው፤ ሆኖም ሚዛኑ መኖሩን ይነግረናል እንጂ የት እንዳለ አይነግረንም። አለ የተባለውን ነገር ፈልጎ የማያገኝ ሰው ጭንቀት ይቀራል።

ያን ጭንቀት ለሁለት ተጫዋቾች ያስወገዱት ካርልተን ለምኬና ጆሴፍ ሃውሰን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ጽሑፍ 11 ገጽ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ አንድ ሥራ ምረጥ ብባል ያለማመንታት እርሱን እመርጣለሁ። መንገዱን በእንጅባራው ጉግሳችን ላይ ልራመድበት።

አራት ምልክቶች አሉን፤ ለአሳዳጁ ግራና ቀኝ፣ ለጋሻው ግራና ቀኝ። አንድ ምልክት ተሟላ የሚባለው ከሁለት በአንዱ ነው፤ ወይ ያ ስልት ጨርሶ አልተነካም፣ ወይ ደግሞ ባላጋራው አሁን ለሚያደርገው ከሁሉ የተሻለ መልስ ነው። አራቱም ከተሟሉ ሚዛን ላይ ነን፤ የማይጠቅም ስልት የሚጠቀም ሰው የለምና። የምንነሣው ከባዶ ነው። ማንም ምንም ስላልነካ አራቱም በቀላሉ ተሟልተዋል፤ ግን ጨዋታ የለም። እዚህ ላይ አንዱን ምልክት ሆን ብለን እንለቃለን፤ የአሳዳጁን ግራ እንልቀቅ።

አሳዳጁ ወደ ግራ መወርወር ይጀምራል። ለዚህ የጋሻው የተሻለ መልስ ግራ ነው፤ ስለዚህ የጋሻ ግራ ሁለት ጊዜ ተሟላ፤ አንዴ ስላልተነካ፣ አንዴ የተሻለ መልስ ስለሆነ። ሁለት ጊዜ የተሟላ ምልክት አንዱ ትርፍ ነው፤ ትርፉን እንለቃለን፤ ተሳዳጁ ግራውን መሸፈን ይጀምራል። ለተሸፈነ ግራ የአሳዳጁ የተሻለ መልስ ቀኝ ነው፤ አሁን የተደገመው የአሳዳጁ ቀኝ ነው። እርሱን እንለቃለን፤ አሳዳጁ በግራው ውስጥ ቀኙን ቀስ እያለ ያስገባል። እስከ የት? ጋሻን ወደ ቀኝ ማዞር ከግራ ጋር እኩል እስኪሆን። ያ የሚሆነው ልክ 4 ለ6 ላይ ነው፤ እዚያ ይቆማል። የተደገመው የጋሻ ቀኝ ነው፤ እርሱን እንለቃለን። ተሳዳጁም ቀኙን ያስገባል፤ ለአሳዳጁ ግራ እንደገና ከቀኝ እኩል እስኪሆንለት ድረስ። ያ 3 ለ7 ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት መጀመሪያ የለቀቅነው ምልክት፣ የአሳዳጁ ግራ፣ ተመልሶ ይሟላል። የሚደገም የለም፤ መንገዱ አለቀ። በአራት እርምጃ በመቀነስ ያገኘነው ቦታ ላይ ደርሰናል።

ይህ መንገድ ለምን እንደማይጠፋ ስመለከት ነው አድናቆቴ የሚጸናው። ውጤቶቹ በአጋጣሚ እኩል እስካልሆኑ ድረስ በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ መቆሚያ የሚደገም አንድ ምልክት ብቻ አለው፤ ስለዚህ ከእርሱ የሚወጡት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ የመጣንበት፣ ሌላው የምንሄድበት። ባዶው መነሻ ግን አንድ መንገድ ብቻ አለው። ወደ ረገጥነው መቆሚያ ለመመለስ ሦስተኛ መንገድ ያስፈልግ ነበር፤ የለም። መቆሚያዎቹ ደግሞ የተቆጠሩ ናቸው። እንግዲህ መንገዱ የግድ ሌላ ጫፍ አለው፤ ያ ጫፍ ሚዛን ነው። ናሽ በሩቅ ያረጋገጠው መኖር እዚህ በእግር ይደረስበታል። ጫፎች ሁሉ ጥንድ ጥንድ ስለሆኑና አንዱ ጫፍ ባዶው መነሻ ስለሆነ፣ የሚዛኖቹ ቁጥር ሁልጊዜ ጎዶሎ መሆኑም ሳይለፋበት አብሮ ይወጣል።

መንገዱ ግን ፍጹም አይደለም። ራሁል ሳቫኒና በርንሃርድ ፎን ሽቴንግል መንገዱ እጅግ፣ እጅግ የሚረዝምባቸውን ጨዋታዎች ሠርተው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሺ ቼንና ሺያውቲ ዴንግ ሚዛንን የማግኘት ችግር በሁለት ተጫዋቾችም ቢሆን በጠቅላላው ከባድ መሆኑን አረጋግጠዋል። ጉግስን የመሰለው፣ ትርፍና ኪሳራው የሚሰራረዘው ጨዋታ ግን በቀጥተኛ ስሌት በፍጥነት ይፈታል።

የለምኬና የሃውሰን መንገድ ሌላም ወሰን አለው። ሁለት ጋሪዎች በዳንግላ ጠባብ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሲገናኙ ያለው ጨዋታ ከጉግስ ይለያል፤ እዚህ ማንም የማንንም ኪሳራ አይፈልግም። አንዱ ቢቆም ሌላው ቢያልፍ ለሁለቱም ይበጃል፤ ሁለቱም ቢገፉ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ቢቆሙ ጊዜ ያልቃል። ሦስት ሚዛኖች አሉት። የመጀመሪያው ጋሪ ያልፋል፤ ወይ ሁለተኛው ያልፋል፤ ወይ ሁለቱም አንዳንዴ እየገፉ አንዳንዴ እየቆሙ ይቀላቅላሉ። ከባዶው መነሻ ተነሥታችሁ ከአራቱ ምልክቶች የፈለጋችሁትን ብትለቁ መንገዱ የሚያደርሳችሁ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ወደ አንዱ ነው፤ ወደ ሦስተኛው ከባዶ አይገባም። ሦስተኛውን ለማግኘት መጀመሪያ ወደ አንዱ ሚዛን መድረስ፣ ከዚያም ሌላ ምልክት ለቅቆ ከእርሱ እንደገና መነሣት ያስፈልጋል። አራት ቁጥር መርጣችሁ በወረቀት ሞክሩት፤ ከአራት እርምጃ አይበልጥም።